ምንሽርህን ለብኸይታ ሰጠሁት

ውድ ሙላው፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንተም ወሬ በዙሪያ ጥምጥም ሲመጣ ትበሳጭ ስለነበር በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ምንሽርህን ለጓደኛህ ለብኸይታ ሰጠሁት። በለውጥ ነው። በእሱ ፋንታ ለልጃችን ለፍሬሕይወት ቀለል ያለች፣ ጥይቷ ከትንሿ ጣቴ የምታንስ ጠመንጃ ከነማነጣጠሪያ መነጽሯ ተቀብያለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ በደወልኩ ቁጥር ያቺ ሴትዮ "ለጊዜው ጥሪ አይቀበሉም" ትለኛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጊዜው። እኔም ሰለቸኝና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

እኛ መንደር ጠመንጃ እንዴት እንደሚታይ ታውቃለህ። አባቶቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ወግ ነው። ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ጠመንጃው አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አይውልም። እናማ ያንተ ምንሽር ከግድግዳው ወርዶ ሌላ ቤት ከገባ ሙላው ሞቷል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ይህን ለማለት አልደፈርኩም ነበር። ከጉባ ስትመለስ የተሳፈርክባት መኪና መንገድ ላይ ባዶዋን ቆማ ተገኘች ተባለ እንጂ፣ "አስከሬኑን አየሁ" ያለኝ አንድም ሰው የለም። ሳያዩት እንዴት ሞተ ይባላል?

የሞተበት ሰው አልቅሶ ይወጣለታል። የጠፋበትስ? ጥቁር ብለብስ "ሟርተኛ፣ በባሏ ላይ ታሟርታለች" ልባል፤ ጥለት ያለው ነጠላ ባጣፋ "ምን ደልቷት ነው" ልባል። ቄሱን ፍትሐት ይደረግለት ይሆን ብዬ ብጠይቃቸው "እስቲ ትንሽ እንታገሥ፣ ልጄ" አሉኝ። ገበያ ላይ ሴቶቹ "ወሬ ተገኘ?" ይሉኛል፤ "እግዜር ያውቃል" እላለሁ፤ ከዚያ ስለ በርበሬ ዋጋ እናወራለን። እንዲህ ነው የከረምኩት።

መድረሻ ያሳጣኝ ግን ዝንጀሮ ነው። አንተ ሳለህ ከጫካው ጠርዝ ብቅ ብለው፣ ገና ካፖርትህን ሲያዩ እግሬ አውጪኝ ይሉ ነበር። ዝንጀሮ ሴት አይፈራም ሲባል የወንዶች ጉራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እውነት ነው። ጮህኩ፣ ቆርቆሮ ደበደብኩ፣ ድንጋይ ወረወርኩ። በቆሎዬን እየላጡ ዝም ብለው ያዩኛል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ለውዙንም ነቅለው ጨረሱት። ሲቸግረኝ ያንተን ሱሪና ካፖርት ለብሼ፣ ባርኔጣህን ደፍቼ ማማው ላይ ወጣሁ። ለጥቂት ቀን ሠራልኝ። አንድ ጠዋት ግን "ሂድ ከዚህ!" ብዬ ስጮህ ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ ድምፄን ሰማ። ቁጢጥ ብሎ አየኝ፣ አየኝና ወደ በቆሎው ተመለሰ። ሌሎቹም ተከተሉት። እዚያው ማማ ላይ በሳቅ ፈረስኩ። ቆየት ብዬ ደግሞ የካፖርትህን እጅጌ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ሽታህ ለቆታል፤ አሁን ጭስ ጭስ ነው የሚለው።

ፍሬሕይወት ይህን አይታ ነው "መተኮስ አስተምሩኝ" ያለችው። አሥራ አምስት ዓመት ሞላት። በቁመት እኔን ጥላኛለች፣ ሥጋ ግን የላትም፤ ትምህርት ቤት "ሸንበቆ" ነው የሚሏት። እኔ ገበያ በሄድኩበት ወንድምህ ጌትነት፣ ያንተን ምንሽር መንካት ፈርቶ በራሱ ምንሽር አስተኮሳት። ከሰው ሳይማከር፣ እንደ ልማዱ። አንድ ጥይት ብቻ ነው። ጠመንጃው ወደ ኋላ መትቶ መሬት ላይ አስቀመጣት፤ ትከሻዋ ጠቁሮ ሳምንት ሙሉ እንስራ ማዘል አቃታት። ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ በያዘች ቁጥር፣ ገና ቃታውን ሳትስብ ዓይኗ ይጨፈናል። ግን አልተወችውም። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች ይታወቃል።

"እንግዲያው ክላሽ እንፈልግላት" አለኝ ጌትነት። "ክላሽ ትከሻ አይጎዳም። ደግሞስ ዛሬ ያለ ክላሽ ማን ያከብርሻል?"

"እኔ ዝንጀሮ እንዲፈራኝ እንጂ ሰው እንዲፈራኝ መች ፈለግሁ" አልኩት። "ክላሽ የያዘን ሰው ክላሽ የያዘ ይፈልገዋል። ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይበቃል።"

ጌትነት አንገቱን ደፋ። እኔም ከአፌ የወጣውን ሰምቼ ደነገጥኩ። ተነስቼ ከብቶቹን ላስገባ ወጣሁ።

ብኸይታን ላማክረው ሆሞሻ ድረስ ሄድኩ። የሠራህለት የእንጨት በር ደህና ነው፤ ዝናቡ እንኳን አላጣመመውም። ገና ሲያየኝ ስሜን ጠርቶ "አገኘሁሽ! እንዴት ነህ? ልጅ ደህና ነው?" አለኝ። ይኸውልህ፣ አፉን የፈታው በበርታኛ ስለሆነ በአማርኛ ሁልጊዜ ወንድ እንዳደረገኝ ነው፤ ዝንጀሮዎቹ ቢሰሙት ጥሩ ነበር። ከዚያ እንደወትሮው "የሙላው ወሬ አለ?" አለ። የለም አልኩት። እሱም አንገቱን ነቀነቀ። አንተ በጠፋህ ሰሞን ስንት ሾፌር ለምኖ፣ በስንት መኪና ላይ ተጭኖ፣ ስንት ጤና ጣቢያ እንደገባ እሱ አይነግርህም፤ እኔ ልንገርህ እንጂ። ስሊፐሩ ተበጥሶ በባዶ እግሩ ነው የተመለሰው።

የፍሬሕይወትን ነገር ስነግረው ከንፈሩን መጠጠ። "ትልቅ ጠመንጃ ለልጅ አይሆንም" አለ። "ትልቅ ጠመንጃ መጀመሪያ ፍርሃት ያስተምራል። ፍርሃት ከገባ ደግሞ አይወጣም። ትንሽ ጠመንጃ ነው ጥሩ። ድምፅ ትንሽ፣ ምት ትንሽ። ልጅ ይተኩሳል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይተኩሳል። ወላሂ፣ እንደዚህ ነው የሚማር።"

ከውስጥ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለች ጠመንጃ ይዞ መጣ። ማንጎውን ከጦጣ የሚጠብቅባት ናት። አንድ ጥይት ትጎርሳለች፣ ትተኩሳለች፣ እንደገና ታጎርሳታለህ፤ ጥድፊያ የላትም። በአንድ እጄ አነሳኋት። ምን ልስጥህ ብለው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለና "እኔ ጋ አሁን ከርከሮ ነው ችግር" አለ። "ለከርከሮ ትልቅ ጠመንጃ ነው።" የማንን ትልቅ ጠመንጃ ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። እኔም ልጄን ላማክር ብዬ ወደ ቤቴ መጣሁ።

ለፍሬሕይወት ነገርኳት። ቀና ብላ ግድግዳውን አየችና "የአባዬን ጠመንጃ ለማን ነው የምታስቀምጪው?" አለችኝ።

"ለባለቤቱ ነዋ!"

"እማዬ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ሙላው፣ እንደዚያ አድርጋ ጠርታኝ አታውቅም። ለታመመ ሰው ነው እንደዚያ የሚባለው።

በማግስቱ ምንሽርህን አወረድኩት። አቧራውን አራግፌ፣ ብረቱን በዘይት፣ እንጨቱን በጨርቅ ወለወልኩ። ሰደፉ ላይ ጉንጭህ የሚያርፍበት ቦታ ለስልሷል፤ እዚያ ላይ ጨርቁን አላሳረፍኩም። ለራሴ "መያዣ ነው፣ ሲመጣ ይመልስለታል" አልኩ። ለጌትነትም፣ ለቀበሌው ሚሊሻ አዛዥም መያዣ ነው አልኳቸው። እነሱም "እሺ፣ መያዣ ነው" አሉኝ። ሕፃን ሲያባብሉ እንደሚባለው ነበር ያሉኝ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ሦስታችን ሆነን ሆሞሻ ሄድን፣ እኔ፣ ልጅህና ጌትነት። ብኸይታ መጀመሪያ የፍሬሕይወትን ክንድ አሳጠፈና የጠመንጃዋን ሰደፍ ክርኗ እጥፋት ላይ አኖረው። ጣቷ ቃታው ላይ ይደርስ እንደሆነ ማየቱ ነው። አልደረሰም። ከዚያ መጋዝ አምጥቶ ከሰደፉ ጫፍ ቆረጠላት፤ የራሱን ንብረት፣ እንደ ሽንኩርት። የተቆረጠችውን እንጨት ለእኔ ሰጠኝና "እንዳትጥለው" አለኝ። "ልጅ ያድጋል። ሲያድግ እንጨቱ ይመለሳል።"

በመነጽሩ ደግሞ ከጌትነት ጋር ተጨቃጨቁ። ብኸይታ ሁለት ነበረው። አንደኛው ክንድ የሚያክል፣ ሩቁን አምጥቶ አፍንጫህ ሥር የሚያስቀምጥ ነው። ጌትነት አንዴ ካየበት በኋላ ከእጁ አልለይ አለው። "ይኼን ነው እንጂ! የዚያ ማዶ ዛፍ ቅጠሉ ይቆጠራል" አለ።

"ቅጠል አንቆጥርም" አለ ብኸይታ። "ትልቁ የዝንጀሮ ጥርስ ያሳይሃል፤ ዝንጀሮ የት ነው ግን አያሳይም። እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ እሱ ብዙ ይንቀጠቀጣል። ማሳ ቅርብ ነው፣ ትንሹ ይበቃል።"

ትንሹን መረጥን። እሱንም ቢሆን ወዲያው አልገጠመላትም፤ መጀመሪያ በባዶ ዓይኗ ትልመድ አለ። ዝንጀሮም ግደዪ አላላትም። ከመንጋው አጠገብ አፈሩን ብትመታ በቂ ነው፣ ከኋላቸው ሰው ወይም ቤት አለመኖሩን ሳታዪ ጣትሽ ቃታ እንዳይነካ አላት። እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ትንሽ አረፈ።

የሳልሳ ቆርቆሮ ከማንጎው ማዶ፣ ከጉብታው ሥር አስቀመጠ። ፍሬሕይወት በደረቷ ተኛች። የመጀመሪያውን ተኮሰች፤ ሳተች፤ ዓይኗ ተጨፍኖ ነበር። ያኔ ብኸይታ ጠመንጃዋን ተቀብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ያጎረሰ መስሎ መለሰላት። ቃታውን ስትስብ ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም፤ ባዶ ነበር። አፈሙዙ ግን ዘለለ። "አየህ?" አላት ረጋ ብሎ። "ጠመንጃ አልመታህም። አንተ ነው የዘለለው።" እንዲህ እያለ፣ አንዴ ያጎርሳል፣ አንዴ ባዶውን ይሰጣታል፤ የትኛው እንደሆነ አይነግራትም። ደጋግማ ደጋግማ፣ ባዶውን ስትስብ አፈሙዙ ድንጋይ ላይ እንዳለ ነገር ዝም እስኪል ድረስ። ትንፋሿ ሲረጋ አየሁት። ትከሻዋ ወረደ። ግራ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ አንተ ስታነጣጥር እንደምታደርገው የታችኛ ከንፈሯን ወደ ውስጥ ሳበች። ማንም አላስተማራትም ይህን። ተኮሰች፤ ቆርቆሮው ተገለበጠ።

ጌትነት ሊጮህ አፉን ከፈተ። ብኸይታ ግን ቀድሞት፣ ቆርቆሮውን ሳይሆን የልጅህን ፊት እያየ፣ በቀስታ "አላህ የርሐሙ" አለ። "የሙላው ዓይን ነው ይሄ። አላህ የርሐሙ።"

እኛ ነፍሱን ይማር የምንለው መሆኑን እዚያ የነበርን ሁላችን እናውቃለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ባንተ ስም ላይ የጨመረ ሰው አልነበረም፤ ቄሱ እንኳን ፈርተውታል። ብኸይታ ያለውን ሲያውቀው እጁን አፉ ላይ ጫነ። "አገኘሁሽ፣ ይቅር በለኝ" ሊል እንደሆነ ገባኝ። ጌትነት እኔን ያየኛል። ፍሬሕይወት ከተኛችበት አንገቷን አዙራ እኔን ታየኛለች። ሁሉም የሚጠብቁት እኔን ነበር። "አፍህ ይቆረጥ፣ ባሌ በሕይወት አለ" ብል የሚነቅፈኝ አልነበረም፤ ለውጡም መያዣ ሆኖ ይቀጥል ነበር፣ እኔም ዓመት ጨምሬ እጠብቅህ ነበር።

"አሜን" አልኩ።

አመለጠኝ አልልህም፤ አውቄ ነው ያልኩት። ጌትነት ባርኔጣውን አወለቀ። ፍሬሕይወት ጠመንጃዋን እንደተነገራት አፈሙዙን ወደ ጉብታው አዙራ አስቀመጠችና መጥታ ጉልበቴ ላይ ራሷን ጣለች። እኔም አለቀስኩ ሙላው፤ ያ ሁሉ ጊዜ በሰው ፊት ያላለቀስኩትን፣ ስምህን እየጠራሁ፣ ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ። የብኸይታ ሚስት ድምፄን ሰምታ ከጓዳ ወጣች፤ ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም፣ ከጎኔ ተቀምጣ በበርታኛ ታለቅስልህ ጀመር። ስንሄድ ብኸይታ ምንሽርህን በቀብር ላይ እንደሚደረገው አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ በትከሻው ያዘና መኪና መንገዱ ድረስ ከፊታችን ከፊታችን ሄደ። መንገድ ላይ ያገኙን ሰዎች ቆሙልን።

ቅዳሜ ለቅሶህ ነው። ቄሱም እሺ ብለዋል። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ይተከላል፤ ብኸይታ ምንሽርህን ይዞ ይመጣል። ልጅህ በቆሎው እሸት ሲያፈራ ማማው ላይ የምትወጣው እኔ ነኝ ብላለች፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ጥቁሩን ልብስ ዛሬ አጥቤ አስጥቼዋለሁ።

ደህና ሁን አልልህም፤ እሱ ለሚመለስ ሰው ነው የሚባለው። ነፍስህን ይማር፣ የኔ ሆድ።

የልጅህ እናት
አገኘሁሽ