በግቢያችን ብቻ ስለዘነበው ዝናብ

ለተከበሩ የአካባቢያችን የአየር ጠባይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጤናዎ ከቢሮዎ ፊት ለፊት እንዳለው ሣር ለምለም፣ መንፈስዎም እንደዚያው የረጋ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከሥራ የታገድኩ የዝናብ ለኪዎ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ስጽፍልዎ በታላቅ አክብሮት ነው።

ነገሩ የተበላሸው ዝናብ በጠፋ በስድሳ አራተኛው ቀን፣ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እንደ ወትሮዬ የዝናብ መለኪያውን ስከፍት አራት ሚሊሜትር ውኃ አገኘሁበት። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት፤ የደመና ቁራጭ እንኳ የለበትም። ከአጥሩ ወዲያ መኪና ያስነሣው አቧራ ገና አልወረደም። መለኪያው ለዓመታት ከቆመበት ገላጣ ኮረብታ ተነቅሎ ሣሩ መካከል የተተከለው በዋዜማው ነበር፤ ሊጎበኙን ለሚመጡት እንግዶች ፎቶ ያምራል ተብሎ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አትክልተኛ የውኃውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ጨብጠው ሣሩን ያጠጣሉ። ፊቴን አይተው ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «እኔን ነው እንዴ የለካሽኝ፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

እየሮጥኩ መጥቼ ስነግርዎ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «መሣሪያ አይዋሽም፤ ያገኘሽውን ጻፊ» አሉኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. በሥልጠናችን የመጀመሪያ ቀን መለኪያ ከዛፍ፣ ከጣሪያና ከቧንቧ መራቅ እንዳለበት ያስተማሩን እርስዎ ስለነበሩ አመሰግናለሁ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ደብተር ዛሬም አለኝ። ቢጠፋብዎ ላውስዎ ዝግጁ ነኝ።

2ኛ. በሳምንት ስድስት ቀን የሚዘንብ፣ እሑድ እሑድ ግን የሚያርፍ ዝናብ ለሳይንስ ስላበረከቱ አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ቀን ዘነበ፤ አራቱን እሑድ ጋሼ ቤታቸው ስለዋሉ ዜሮ ሆነ። ዋናው መሥሪያ ቤት ካሉት ሊቃውንት አንድም ሰው ዝናቡ ስለምን የእረፍት ቀን እንዳለው አልጠየቀም። እኔም እያንዳንዱን ቀን ቁጥሩን ጽፌ፣ በጎኑ ባለው የአስተያየት ዓምድ ላይ «ውኃው ከአትክልት ጎማ የመጣ ነው» እያልኩ አሰፈርኩ። ወደ ላይ የሚላከው ግን ቁጥሩ ብቻ ነው፤ አስተያየቱ እኛው ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ይህን እያወቅሁ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ መጻፌ የእኔ ጥፋት ነው። እርስዎ ላይ አላላክከውም፤ የእርስዎ ድርሻ ብቻውን ይበቃዎታል።

3ኛ. «የአካባቢው ዝናብ መደበኛ ነው፤ ገበሬዎች መዝራት ይችላሉ» የሚለው መግለጫ በሬዲዮ ስለተነበበ አመሰግናለሁ፤ የአንባቢው ድምፅ በጣም ያምር ነበር። አባቴ በሬዲዮ ወሬ አምኖ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ደወለልኝና «አንቺ ካለሽበት ቤት የወጣ ቃል አይደል? በይ ዘራሁ» አለኝ። የዘራው ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን የመጨረሻ የበቆሎ ዘር ነው። አትዝራ ልለው አፌን ስከፍት እጁን ታጥቦ ጨርሶ ነበር። ዘሩ አሁን አፈር ውስጥ እንደተቆላ እህል ተቀምጧል። ወንድሜ ትናንት ቆፍሮ አንዷን ፍሬ አውጥቶ አሳየኝ፤ በጥርስ የምትሰበር ናት።

4ኛ. የውኃ ቦቴዎች «መደበኛ ዝናብ» ወዳለበት መንደር መምጣት ስለሌለባቸው፣ ከመንደራችን መንገድ አቧራና ጭስ ስለቀነሱልን አመሰግናለሁ። የጉድጓዳችን ገመድ ሁለት ጊዜ ተቀጥሏል። እናቴና ጎረቤቶቿ ባልዲያቸውን ደርድረው ውኃው እስኪጠራቀም ተራ ይጠብቃሉ፤ የሚወጣውም ግማሹ ጭቃ ነው። የሚቀጥለው ወር ቦቴ ለየትኛው መንደር እንደሚላክ የሚወሰነው በመጪው ማክሰኞ፣ ከእርስዎ በሚወጣው መግለጫ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ አንድ አንቀጽ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ካለዎት፣ እባክዎ ይህንን ያንብቡ።

5ኛ. እውነቱን በቀጥታ ለዋናው መሥሪያ ቤት በጻፍኩ ማግስት «ሕዝብ አስደንግጣለች» ብለው ስላገዱኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡን የሚያስደነግጠው የውኃ መጥፋቱ ይመስለኝ ነበር። የማክሰኞውን መግለጫ በለኪነት ከፈረምኩ ወደ ሥራዬ እንደምመለስ በጸሐፊዎ በኩል ስላስነገሩኝም ደግነትዎን አልረሳውም። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ዓይኔን ማየት አፍራ «እኔን እንዳትቀየሚኝ፣ እህቴ» አለችኝ። እሷን አልተቀየምኳትም።

ረጅም ዕድሜ፣ ሹመት፣ የማይናወጥ ወንበርና ከአንድ ሺሕ ገጽ በላይ የሆነ የእንግዶች ፎቶ አልበም እየተመኘሁልዎ፣ ካስተማሩኝ ሁሉ አንዱንም ያልረሳሁ፣ ከታዘዝኩት ግን አንዱን እምቢ ያልኩ ተማሪዎ፣ በእጅጉ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ማሳሰቢያ፦ ከታገድኩ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህርት ባዋሰችኝ መለኪያ ኮረብታው ላይ በየጠዋቱ እየለካሁ ነው፤ ዐሥራ አራት ቀን፣ ዐሥራ አራት ዜሮ። መምህርቷና ሁለት ገበሬዎች በምስክርነት ፈርመውበት፣ ቦቴ ለሚያከፋፍለው ኮሚቴ ዛሬ በእጄ አስረክቤያለሁ። እንድፈርምበት የላኩልኝ ወረቀት እንደመጣ ባዶውን ተመልሶልዎታል። እኔ በዓይኔ ያላየሁት ዝናብ ከእንግዲህ በስሜ አይዘንብም፤ ከእኔ ፊርማ በላይ የተጻፈ ውሸት፣ ሚሊሜትርም ብትሆን፣ አልቀበልም።