የአምስት ስም ጉዳይ

ጥቅምት 14

ቢሮ እንደ ወትሮው። ሦስት ስብሰባ፣ አንድም ውሳኔ የለም። ከሰዓት ጠመኔና ደብተር ይዤ ወደ ሰፈሩ አዳራሽ ሄድኩ። የእናቶች የማንበብና የመጻፍ ትምህርት አራተኛ ወሩን ያዘ። የምሠራበት የከተማው አስተዳደር ከአንድ ለጋሽ ድርጅት ገንዘብ እንዲያገኝ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ... ሰባት ጊዜ ቀድጄ!

ሠላሳ ሴቶች። እናቴም አንዷ ናት። በልጇ ገባች እንዳይሏት ተሰልፋ ነው የተመዘገበችው። ስገባ እንዳላየች ሆነች። ሰላም ብላት፣ "ትምህርት ላይ ነኝ" አለችኝ። እሺ፣ እመቤቴ!

ጥቅምት 21

ከለጋሹ ደብዳቤ መጣ። ሰማይ ተደፋብኝ። ተማሪዎች ሲመጡ በስማቸው የሚፈርሙበት መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ አምስት ስም በአንድ ሰው እጅ ተጽፏል ይላል። ቀሪው ገንዘብ ታግዷል። ኅዳር 4 ተቆጣጣሪ ይመጣል። ካልረካ ትምህርቱ ይዘጋል።

ወረቀቱን አወጣሁት። እውነት ነው... አምስቱም ሽቅብ ይንጋደዳሉ። ጽሑፉን የማውቀው ይመስለኛል። አይ፣ አይሆንም።

ጥቅምት 22

ክፍሉን ጠየቅኩ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ከፊት ወንበር አንዷ ተነሳች። የገዛ እናቴ!

"እኔ ነኝ። ምን ይሁን?"

"እማዬ፣ የሰው ፊርማ እኮ ነው!"

"የራሴን ፈረምኩ፣ የአራት ጓደኞቼን ጨመርኩ። አንዷ ታማለች፣ አንዷ ልጇ ወልዳላታለች... ቀሪ ተብለው ይሰረዙ? ጓደኛ ለመቼ ነው?"

አጠገቧ የተቀመጠችው አትክልት ሻጭማ ባሰች። "እኔም ልጽፍላቸው ነበር፣ ፊደሉ አስቸገረኝ እንጂ!"

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ጮህኩባቸው። መንገድ ላይ ጸጸተኝ። ክፉ ሆነው አይደለም እኮ... ስም መጻፍ ብርቅ ሆኖባቸው ነው።

ጥቅምት 24

ኃላፊዬ ጠሩኝ። በሩን ዘጉ።

"አዲስ ወረቀት አዘጋጂ። ሁሉም በየራሳቸው ይፈርሙበት፣ ቀኑን ወደ ኋላ አድርጊው። የላክነው በስህተት ነው እንላለን፣ ማን ያጣራል?"

"አላደርገውም፣ ጌታዬ። የሆነውን እንንገራቸው።"

"ጽድቅሽን እቤትሽ! ሠላሳ ሰው ሜዳ ላይ ቢቀር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።"

"እሺ፣ እኔ ልሁን።" ብዬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። አሁን ሳስበው... አበዛሁት ይሆን? በእኔ ግትርነት ቢዘጋስ?

ኅዳር 3

እህል አልወርድ አለኝ። እናቴ ግን ሁለቴ በልታ እርሳስ ትቀርጻለች። ምን አስባ ነው?

ኅዳር 4

ልጻፈው፣ ሳይበርድ!

ተቆጣጣሪዋ መጣች። በዕድሜ ከኔ የምታንስ፣ ፊቷ የማይፈታ። ኃላፊዬ ከኋላ ላብ በላብ። ገና ወረቀቱን ስትዘረጋ እናቴ እጇን አወጣች።

"ልጄ፣ አፌ ቸኩሎ እንዳያበላሽብኝ ልጻፍልሽ?"

ልጅቷ ግራ ገባት። ወረቀት ሰጠቻት። እናቴ ጻፈች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ... ሩብ ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ጮክ ብላ አነበበችው።

"እኔ ነኝ የፈረምኩት። ጓደኞቼ ስላልመጡ ነው። ጥፋት መሆኑን አላወቅሁም። እኔን ቅጡኝ። ትምህርቱን አትዝጉት።"

ያኔ ብልጭ አለልኝ። ከማኅደሩ የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት መዝዤ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ሠላሳ የጣት አሻራ፣ አንድ ፊደል የለም።

"ከአራት ወር በፊት የራሷን ስም መጻፍ አትችልም ነበር" አልኩ። "አሁን የአምስት ሰው ትጽፋለች። ገንዘባችሁ የት ገባ ካላችሁ ይኸው!"

ልጅቷ ብዕሯን አንስታ አራቱን ስም ሰረዘች፣ "ቀሪ" ብላ ጻፈችባቸው። ትክክል ናት። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ብትታገል ብትታገል ሳቁ አመለጣት።

"በሥራዬ ደስ ያሰኘኝ ሐሰተኛ ፊርማ ይሄ የመጀመሪያው ነው።"

ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ!

ኅዳር 17

ደብዳቤው ደረሰ። ገንዘቡ ተለቀቀ። ትምህርቱ አንድ ዓመት ተራዘመ፣ ለሌሎች ሁለት ሰፈሮችም ተፈቀደ። አሸነፍን! ኃላፊዬ ስብሰባ ላይ "ከመጀመሪያውም እውነቱን እንናገር ብለን ነበር" ሲሉ ሰማኋቸው። ይበሉ። ዛሬ ማንም ደስታዬን አይነጥቀኝም።

ኅዳር 19

ከሥራ ስገባ ይህ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚሁ ትቼው ስወጣ ኖሬያለሁ፣ ቤት ውስጥ ማን ያነበዋል ብዬ... አይ ሞኝነቴ!

ከኅዳር 4 ግርጌ፣ ሽቅብ በሚንጋደድ ጽሑፍ፦

"እጄ የተንቀጠቀጠው በርዶኝ ነው። አልፈራሁም።"