በርጩማዋ አልተፈለጠችም

ልደታ፣ ጥቅምት 2008 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ፋዮ፣

ወሊሶ እንዴት ተቀበለችዎ? ጉልበትዎስ? የእኛን ከጠየቁ ሁላችንም ደህና ነን፤ እኔ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ። ትናንት ያየሁትን በስልክ ልነግርዎ ብዬ፣ ገና መግቢያውን ሳልጨርስ ካርዱ አለቀብኝ። እርስዎ «ተናኜ፣ ዋናውን ንገሪኝ» ሲሉኝ ነው የተቋረጠው። እኔ ደግሞ ዋናውን ብቻ ማውራት መቼ አውቄ! ስለዚህ ይኸው በወረቀት፤ የእህትዎ ልጅ ሴና ነገ ወደዚያ ስለምትመጣ በእሷ እልከዋለሁ።

መስከረም ላይ፣ ዕቃዎ ተጭኖ መኪናው ሲነሳ፣ በመስኮት ጎንበስ ብለው ያሉኝን ያስታውሱታል? «ተናኜ፣ ያቺን በርጩማ ፈልጠሽ አንድጃት። ከእንግዲህ የሚቀመጥባት የለም።» እየሳቁ ነበር ያሉት። እኔ ግን ስንት ዓመት ጎረቤትዎ ነኝ፤ የትኛው ሳቅዎ እንደሚያም አውቃለሁ። በርጩማዋን ወስጄ አልጋዬ ስር ከተትኳት።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ እኮ ከእርስዎ ይልቅ እኔ ነኝ ደህና አድርጌ የማስታውሰው። ሰማንያ ሰባት ዓ.ም.፣ ጌጃ ሰፈር፣ የተመረጡ ሰሞን። አስተማሪነቱን ትተው ምክር ቤት ገና አልገቡም፤ ደጃፍዎ ላይ ተቀምጠው ልብስ ያጥባሉ። አባባ ሚደቅሳ ያን የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ መጡና «የመረጥንሽ የውሃ ቦኖው ደርቆ እንድናይ ነው?» አሉ። ደጅ ያለው መቀመጫ ያ አንድ በርጩማ ብቻ ነበር። ተነሱና አስቀመጧቸው። እጅዎ ላይ የሳሙናው አረፋ ሳይደርቅ፣ እሳቸው ተቀምጠው ሲቆጡ እርስዎ ቆመው ሲሰሙ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። «አይ ተመራጭ! እንደ ተማሪ አስቁመው ይቀጧታል» ብለን በሳቅ ፍርስ አልን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሰው መጣ፤ እርስዎም ዳግመኛ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ሕግ ሆነ፤ መራጭ ይቀመጣል፣ ተመራጭ ይቆማል። «ለእርስዎም ወንበር ላምጣ እንዴ?» ስልዎ ምን አሉኝ? «ተቀምጬ የሰማሁትን ጆሮዬ ይረሳዋል። ቆሜ የሰማሁትን ግን ምክር ቤት ስገባ እግሬ ያስታውሰኛል።»

የምርጫ ምልክትዎን በርጩማ ያደረጉ ጊዜማ የሳቀብዎ ሰው ብዛቱ! ሌላው አንበሳና ችቦ ሲመርጥ፣ በግል የምትወዳደረዋ ፋዮ በርጩማ! በርጩማዋ ግን በየምርጫው አሸነፈች። ፖለቲካውን ለአዋቂዎቹ ልተወው፤ የእኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል እዚያ አያደርሰኝም። የማውቀው፣ በዘጠና ሰባት ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ወንድም ከወንድሙ ሳይነጋገር እንኳ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ወገን ለበርጩማዋ አንድ ሰልፍ ይይዝ እንደነበር ነው።

የጌጃ ሰፈር ቤታችን የፈረሰ ጊዜስ! «ስንነሳ አብረን እንነሳ፤ እድራችን አይበተን» ያልንዎትን ይዘው ምክር ቤት ሲናገሩ፣ እማማ ነፊሳ ሱቅ ተሰብስበን በቴሌቪዥን አየንዎ። አፈ ጉባኤው ጊዜዎ አልቋል ሲሉዎ፣ «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እኔን እኮ ሰፈር ተቀምጠው የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ፤ ምን ይዤ ፊታቸው ልቁም?» አሉ። እማማ ነፊሳ የሚመዝኑትን ስኳር ትተው እልል አሉ። ያገኘነው ግማሹን ነው፤ ግማሻችን ልደታ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ግማሹ ጀሞ ሄደ። እርስዎ ለሄደው ግማሽ ሲያዝኑ ኖሩ። እኔ በቀረው ግማሽ ስኮራ ኖርኩ። አባባ ሚደቅሳም ቢሆኑ ከጀሞ ሁለት ታክሲ እየያዙ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትናንት ቅዳሜ፣ በእርስዎ ቦታ የተመረጠው ሰላሁን ነዋሪውን ሊተዋወቅ ይመጣል ተባለ። ልጅ እግር ነው። እኔም ምን እንዳሳሰበኝ እንጃ፣ በርጩማዋን አውጥቼ ግቢው መሃል አስቀመጥኳት። ዛሬ ካልሆነላት በቃ፣ እትዬ ልክ ናቸው፣ እንጨት ናት ማለት ነው ብያለሁ በልቤ።

ልጁ ከነሱፉ ገባ፣ ሁላችንንም እየዞረ ጨበጠ፣ ግራ ቀኝ አየና ሄዶ ቁጭ!

አባባ ሚደቅሳ ዱላቸውን ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። እማማ ነፊሳ ግን መቼ ይችላሉ!

«ልጄ፣ ተነስ።»

«ምነው እማማ?»

«እዚህ የሚቀመጠው የመረጠ ነው። የተመረጠ ይቆማል።»

«እኔም እኮ መርጫለሁ» አለ እየሳቀ።

«ራስህን ነዋ!»

ብሎኩ በሳቅ ተናጋ! እሱም ሳቀ፤ ሳቀና ተነሳ። በመሐረቡ በርጩማዋን ጠረግ አድርጎ «ይቀመጡ እማማ» አለ። እማማ ነፊሳ ተደላድለው ከብሎኩ ጀርባ የጠፋውን መብራት፣ ከማታ ትምህርት በጨለማ የሚገቡትን ልጃገረዶች ነገር ዘረገፉለት። ቆሞ ሰማ። እንደ እርስዎ እንኳን አይደለም፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሩ ይደገፋል። እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ ፊቱን ትቼ እግሩን ነው የማየው።

የአባባ ሚደቅሳ ተራ ደረሰ።

«አባባ፣ ጀሞ ከሆኑ እኮ የእኔ መራጭ አይደሉም» አላቸው በትህትና።

«አውቃለሁ። አቋቋምህን ላይ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እና እንዴት ነኝ?»

«ቀጥ በል። እሷ ቀጥ ብላ ነበር የምትሰማው።»

ቀጥ አለ፣ እትዬ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ሊሄድ ሲል ጠጋ አለኝና ቀስ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለሳምንት በርጩማዋን ስንት ሰዓት ላይ ታወጫታለሽ?»

እንግዲህ ዋናው ይኸው ነው። አልፈለጥኳትም፤ አልፈልጣትምም። የጎደለውን እያሰቡ እንደሚተክዙ አውቃለሁ፤ ይተዉት። እዚህ የሚቆም ሰው ተገኝቷል። ከእንግዲህ እርስዎም እንደኛው መራጭ ነዎት፤ አረፍ ብለው ይቀመጡ።

የምትኮራብዎ ጎረቤትዎ፣
ተናኘወርቅ