አባዬ፣ ወንድምህ ተርፏል

አባዬ፣ የዘሃራህ ሰላምታ ባለህበት ይድረስህ፤ አላህ ቀብርህን ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸን ሦስት ረመዳን አለፈ። አራተኛው ሳይገባ የምነግርህ የምስራች ስላለኝ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት።

እማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ ከሱቋ አልቀረችም። አሠራዋለሁ እያልክ ስትዝት የኖርከውን በረንዳ በሲሚንቶ አስለስነነዋል።

ያንን ጠዋት ግን ሳላነሳው አላልፍም። ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ስታደርግ ማንቆርቆሪያው ከቀኝ እጅህ ወደቀ። ስንደርስ አፍህ ወደ ግራ ተጣምሟል፤ ልትናገር ትሞክራለህ፣ ቃሉ ይጎተትብሃል። ወንድምህ ሰይድ እየሮጠ መጥቶ «ምች ነው የመታው!» አለ። ዳማከሴ ጨምቆ በአፍንጫህ አደረገልህ፣ ገላህን አሸህ፣ በጋቢ ጠቅልሎ አስተኛህ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ነጭ ጋውኔ እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ግን አጎቴን መቃወም ከበደኝና ላብህን እየጠረግኩ ዝም አልኩ። ደሴ የደረስነው በማግስቱ ነው። ሐኪሙ «በስንት ሰዓት ጀመረው?» ሲለኝ «ትናንት ንጋት ላይ» አልኩት። በዘጠነኛው ቀን ሄድክ።

ከዚያ በኋላ ከሰይድ ጋር ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ አላወራንም።

በሁለተኛው ዓመት ስለ ስትሮክ የሚያጠኑ ሐኪሞች ወደ ከተማችን ወደ ከሚሴ መጡ። ቤት ለቤት እየዞረ የሚጠይቅ፣ አማርኛም ኦሮምኛም የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ ገባሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነበር፦ ምልክቱ በስንት ሰዓት ጀመረ? ሐኪም ቤትስ በስንት ሰዓት ደረሳችሁ? አንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት ስጠይቅ አንተ ትዝ ብለኸኝ መጻፌን አቆምኩና እሷው አጽናናችኝ። ብዙ ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ያ ሁሉ ሰዓት የባከነው በስንፍና አልነበረም። አንዱ ሼኽ ሊጠራ፣ አንዷ ቅጠል ልትቀጥፍ፣ ሁሉም ሮጧል። የሮጡበት አቅጣጫ ነው የተሳሳተው። ሰይድን በልቤ ይቅር ያልኩት ያኔ ነው። ራሴን ግን ገና ይቅር አላልኩም ነበር።

እሑድ እሑድ ሰንበቴ ከተማ ገበያ እየሄድኩ አንተ ስትደልልበት ከኖርክበት ከግመል ተራ ገባሁ። «ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ቅጠል ሳትሉ ወደ ሐኪም!» ስላቸው ደላሎቹ ሳቁብኝ። አንድ የአፋር ግመል ነጂ ብቻ በትሩን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

ባለፈው ክረምት ሰይድ በዚያው ገበያ ገዢና ሻጭ ሲያስማማ ቃሉ ተወላገደበት። «ጫት በዝቶበት ነው» ሲሉ ያ አፋር ገፋ ገፋ አድርጎ ገባና «ሁለት እጅህን አንሳ» አለው። ቀኙ አልተነሳም። «የደላላው ልጅ ያለችው ይሄ ነው!» ብሎ ጮኸ። መኪና አስቁሞ ራሱ ደግፎ አሳፈረው፣ ለእኔም አስደወለልኝ። ከሚሴ መንገድ ዳር ጠብቄ አብሬው ተሳፈርኩ። እማ በስልክ «አስፕሪን ስጪው» አለችኝ። «ጭንቅላቱ ሳይታይ አይሆንም፤ ደም ፈሶ ከሆነ ይብስበታል» አልኳት። ደሴ እንደደረስን ሲቲ ስካን ተነሳ። የደም ሥሩን የዘጋው የረጋ ደም ነበር፤ ሕክምናው በዚያው ቀን ተጀመረለት።

በሦስተኛው ቀን ከዚያው ከስትሮክ ጥናቱ አንድ ወጣት ባለሙያ ንግግሩን ሊፈትን መጣ። ሥዕል እያሳየ በአማርኛ ይጠይቀዋል፣ ሰይድ ያፈጥበታል። ቅጹ ላይ «አይናገርም» ብሎ ጻፈ። ያኔ ሰይድ አጠገቡ ወዳለው ጠርሙስ እያየ «ቢሻን» አለ። ባለሙያው ትርጉም የሌለው ድምፅ መሰለው። «ኧረ ውሃ ነው ያለው!» አልኩ እንባዬ እየቀደመኝ። ሥዕሎቹን በኦሮምኛ ስጠይቀው ላሙን፣ ቤቱን፣ ወንበሩን ቀስ እያለ ጠራቸው። በልጅነታችሁ ከአያቴ ጋር ያወራችሁበት ቋንቋ ቀድሞ ተመልሶለት ነበር። ለጥናቱ መሪ ሐኪም «የእኛ አገር ሰው በሁለት ቋንቋ ነው የሚኖረው፤ በአንዱ ብቻ ከጠየቃችሁት ግማሹን ነው የምትመረምሩት» አልኳት። እሷም ተስማማች። ፈተናው አሁን በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚሰጠው፤ ኦሮምኛውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ብታይ ትኮራብኝ ነበር።

ሰይድ ዛሬ በምርኩዝ ይራመዳል። አማርኛውም መጥቷል፤ ሲናደድ ብቻ ይጠፋበታል። የቀኝ ጣቶቹን ለማፍታታት ማሽላ ይለቅማል። አንድ ቀን እየለቀመ ሳለ «ያን ዕለት ቅጠሉን የጨመቅኩት በዚህ እጅ ነው» አለኝ። «አብረን ነው ያስተኛነው፣ አጎቴ» አልኩት። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ቀሎናል።

አባዬ፣ የፊታችን ሰኞ ባቲ ገበያ እሄዳለሁ። እስካሁን ሰው ሳስተምር «አንድ ሰውዬ ነበሩ» እያልኩ ነበር የምጀምረው። ከእንግዲህ «አባቴ ነበር» እላለሁ። ስምህን ከነአባትህ እጠራለሁ፤ መዘግየታችንንም፣ ዝም ማለቴንም አልደብቅም። የሰማ ዱዓ ያደርግልሃል፣ የገባው ደግሞ ወደ ሐኪም ይሮጣል። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ በደረስኩበት ገበያ ሁሉ ስምህ ሳይነሳ አይውልም።

ልጅህ ዘሃራ