ለእማማ የተስማማው ቡና

ልጄ ዮዲ፣ አንቺንም በሆድሽ ያለውንም ኪዳነ ምሕረት በእቅፏ ትያዝልኝ። እኛ ደህና ነን።

አያትሽ እማማ ተናኘወርቅ አልጋ ከያዙ ወዲህ ያለ ቡና እህል አይቀምሱም፤ የዘንድሮ ቡና ደግሞ ውሃ ሆኗል። ገበሬው ደህና ደህናውን እየነቀለ ጫት ተክሎበታል። ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር ያልገዛሁበት ገበያ የለም፤ እሳቸው ግን ፉት ብለው «የሲኒ እጣቢ ነው እንዴ የሰጠሽኝ?» ይሉኛል።

ሐሙስ ዕለት ዓብዱላሂ የሚባል ገበሬ ለእናቱ ብሎ ካስቀራቸው ሦስት እግር ቡናዎች አንድ ጣሳ ሰጠኝ። ደስታዬን ብታዪ! እማማ ሦስት ሲኒ ጠጥተው ምሳቸውን በሉ። «በቃ፣ ከእንግዲህ ካንቺ እጅ በቀር ከማንም አልቀምስም!» አሉ። እልል አልኩ። አፌን ሳልዘጋ፣ አንቺን ላርስ የቆረጥሽልኝ ትኬት ትዝ አለኝ።

እባክሽ ትኬቱን መልሺው፤ ስትበረቺ ልጅሽን ታቅፈሽ ነይልኝ። በምጥሽ ቀን ማርያም በእኔ ቦታ ከራስጌሽ ትቁም።

እናትሽ ነፃነት