ስድስተኛው ነፊ

ሐሙስ፣ ጁን 12
ልምምድ፣ እንደ ወትሮው የቤተክርስቲያኑ ጓሮ። ሙቀቱ አይጣል ነው። የመጀመሪያውን የማርሽ ዜማ እንደምንም ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ትንፋሼ ከዳኝ። የአየር ከረጢቱ ብብቴ ሥር ሙሽሽ ሲል ባግፓይፔ፣ ያ ባለከረጢት የስኮትላንድ ዋሽንቴ፣ እንደታመመ ጥጃ አቃሰተ። የቡድናችን ወጣቶች ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ... ይሄ ደግሞ ይብሳል።

ማክሰኞ፣ ጁን 17
ሐኪሙ ሳንባህ አልቋል አለኝ። በዚህ አነጋገር አይደለም፣ ግን ያው ነው። "መንፋት ይቅርብህ።" ታዲያ ምን ልሁን? ዕድሜ ልኬን የነፋሁ ሰው...
ሎሪን እራት ላይ "ምን አለህ?" ስትለኝ "ደህና ነህ አለኝ" አልኳት። ሚስቴን ዋሸኋት።

ማክሰኞ፣ ጁን 24
ክሌይ ቤት ድረስ መጣ። የቡድናችን መሪ እሱ ነው፤ ያስተማርኩት ግን እኔ ነኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ያሽከረክራል።
"ጋሼ ዌንደል፣ ስድስት ነፊ ካልሞላን ከተራራው የባግፓይፕ ውድድር ያስወጡናል።"
"አውቃለሁ።"
"ሰው ፈልጌ አጣሁ። እና... እርስዎ ይሰለፉ። ግን ድምፅ እንዳያወጡ ቧንቧዎቹን በቡሽ እንወትፋቸው።"
"ጣቴን ብቻ እያንቀሳቀስኩ?"
"ማንም አያውቅም፣ ጋሼ።"
በየቡድኑ ይደረጋል። ግን ዜማው ገና ላልገባው ጀማሪ ነው የሚደረገው! ለእኔ?
እሺ አልኩት። ቤት መቅረቱን ሳስበው የባሰ ሆነብኝ።

ዓርብ፣ ጁላይ 11
ነገ ነው። ሎሪን ለውድድሩ የምለብሰውን ባለመስመር የስኮትላንድ ሽርጤን ተኮሰች፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ። ልነግራት አፌን ስከፍት "ካልሲህን የት አደረግከው?" አለችኝ። ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12
የስኮትላንዶቹ በዓል ተራራው ላይ ነው፤ ሕዝቡ ጉድ ነው። ግንድ ወርዋሪዎቹ፣ ጨፋሪዎቹ ልጃገረዶች፣ የየጎሳው ድንኳን። ከሰሜን አየርላንድ፣ ከአልስተር፣ የመጡት ስኮትላንዳውያን ዘሮች ድንኳን በር ላይ አንዱ እጄን ጨብጦ "እርስዎን ሳይ አያቴ ትዝ ይሉኛል" አለኝ። አፈርኩ።
ተሰለፍን። የተወተፈ ከረጢት አንዴ ከተነፋ አይሟሽሽም፣ ትንፋሽ አይፈልግም። ጉንጬን ነፋሁ። ጣቶቼ አንዲትም አልሳቱ። ዙሪያዬን ዜማ ነው፣ ከእኔ ግን ምንም... በቁሜ የተቀበርኩ መሰለኝ።
ሁለተኛ ወጣን። ክሌይ ትከሻዬን አቅፎ "ለከርሞም ልክ እንደዛሬው፣ ጋሼ" አለኝ። ደስ ብሎታል።

እሑድ፣ ጁላይ 13
ቁርስ ላይ ሁሉንም ልነግራት ቆርጬ ተቀመጥኩ። ቀደመችኝ።
"ትናንት እንዴት አድርገህ ነፋኸው! ከስድስቱ መሀል ያንተን ለይቼ ሰማሁት። እኔ እኮ ሁልጊዜም ድምፅህን እለየዋለሁ።" ዓይኗ እንባ ሞልቷል።
 "አመሰግናለሁ" አልኳት።
ባግፓይፑን ከነቡሹ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ከእንግዲህ አልነካውም።
ይሄን ሁሉ ዓመት የማንን ስትሰማ ኖራ ይሆን?