በመሀረብ የመጣው ሌንስ

መስከረም 22
ገበያው ቀዝቃዛ ነው። አንድ ፍላሽ፣ ሁለት የካሜራ ማንገቻ... ሌላ የለም። ከሚዘጋው ፎቶ ቤት አንድ ካርቶን አሮጌ ዕቃ ገዛሁ። አንድ በአንድ ሳገላብጥ ሰውዬው መረረው። «ኧረ ሴትዮ፣ እኔም እኮ ቤት አለኝ» አለኝ። ዕቃ ሳላይ አልወስድም። ከሥሩ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ የድሮ ካሜራ ወናፍ አገኘሁ። መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ገብቼ ውስጡ ባትሪ አበራሁበት። ማዕዘኑ ላይ ብቻ ሁለት ቦታ ብርሃን ያፈሳል። ይደፈናል።

መስከረም 26
ወናፉን ለሚሊሜትር አሳየሁት። ስሙ ሌላ ነው፤ ብረት መቅረጫ ማሽኑ፣ ቶርኖው ላይ ቆሞ ስለ አንዲት ፀጉር ያህል ልዩነት ሲከራከር ስለሚውል ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ይለዋል። አባባ ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው። የሱቄ ሁለተኛ ቁልፍም እሱ ዘንድ ነው።
ያሰብኩትን ነገርኩት። በአንዱ ጫፍ ዲጂታል ካሜራዬ፣ በሌላው የአባባ ፎቶ ማጉያ ሌንስ፣ ያውም ተገልብጦ። ለትንሽ ነገር ሌንሱ ሲገለበጥ ነው ጥርት የሚለው። ሁለት ማገናኛ ቀለበት ያስፈልጋል።
«አለቃ፣ አባትሽ ይህን ቢያዩ ይስቁ ነበር» አለ። ግን እጁ መለካት ጀምሯል...

ጥቅምት 3
ሠራ። መስኮት ላይ የሞተች ንብ ፎቶ አነሳሁ። ዓይኗ ላይ ያለው ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ከኋላዋ መስታወቱ ላይ የረጨሁት ውሃ ደብዝዞ የብርሃን ኳስ፣ ኳስ ሆኗል። እያንዳንዱ ኳስ ውስጥ ግን ጥቁር ነጥብ አለች። ካሜራውን ጠረግኩ፣ ሌንሱን ጠረግኩ። አልጠፋችም።
ያገኛት ሚሊሜትር ነው። የሌንሱ መስታወት ሲሠራ ውስጡ የቀረች የአየር አረፋ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል።
«እንከን ነው» አለ።
«ፊርማ ነው» አልኩት።
ታላቅ እህቴ ብቅ ብላ ነበር። ለዚህ ብርጭቆ የሰጠሁትን ዓይን ለአንድ ወንድ ብሰጥ ኖሮ እስካሁን ሦስት ልጅ ወልጄ ነበር አለች። ከሚሊሜትር ጋር ሆነው ሳቁብኝ።
እዚህ ሱቅ የማይሸጥ የለም። ይህ ሌንስ ግን አይሸጥም።

ጥቅምት 11
የሰብል ተባይ ባለሙያ የሆነች ሴት መጣች። ለገበሬዎች መጽሐፍ እያዘጋጀች ነው፤ ብዙ ነፍሳት በቅርብ መነሳት አለባቸው። በዚሁ ሌንስ ያነሳሁትን የነቀዝ ፎቶ ሳሳያት ወንበር ስባ ተቀመጠች። የወናፉን ቀለበቶች ማን እንደሠራቸው ጠየቀችኝ። ቶርኖ ቤት አሠርቼ ነው አልኳት። ሚሊሜትር በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሻይ ሳይጠጣ ሄደ... ሥራ በዝቶበት ይሆናል።
አሮጌ ካሜራ የሚገዛ ሰው እያለቀ ነው። ይህ ሥራ ከተገኘ ሱቁ ይተርፋል። ካልተገኘ? አላስበውም።

ጥቅምት 17
የቀለበቱ ጥርስ ላልቷል፣ ላስተካክለው አለ ሚሊሜትር። ሌንሱን ጭምር ወሰደው።

ጥቅምት 20
መጣ። አልተቀመጠም። በእጁ የተቋጠረ መሀረብ... ሲንቀሳቀስ ይንኳኳል።
«ከእጄ አመለጠኝ፣ አለቃ። ሲሚንቶው ላይ።»
ከዚያ አለቀሰ። ይህን የሚያህል ሰውዬ! ተው እንጂ፣ ዕቃ ነው፣ ያንተ እጅ ይትረፍ አልኩት። ሻይ አፈላሁለት። ሲወጣ ትከሻውን ይዤ እስከ በሩ ሸኘሁት።
መሀረቡን አልፈታሁትም። አልቻልኩም። አባባን ድጋሚ የቀበርኩ ያህል ሆነብኝ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቅምት 29
በሌላ ሌንስ ሞከርኩ። ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ባለሙያዋም ደወለች። ሌላ ሰው አግኝተናል፣ እናመሰግናለን... በጨዋ ደንብ።

ታኅሣሥ 8
ባለሙያዋ ቢሮ የካሜራ ማቆሚያ ላደርስ ሄጄ ግድግዳው ላይ የአዲሶቹን ፎቶዎች ናሙና አየሁ። ቅጠል ላይ ጥንዚዛ፣ ከኋላው ጤዛ። ጤዛው ደብዝዞ የብርሃን ኳስ ሆኗል።
ነጥቧ አለች። ሁሉም ውስጥ።
ማን እንዳነሳው ጠየቅኩ።
«እርስዎ ሱቅ ያየሁት ሰውዬ ነዋ! ሥራውን ለእሱ የለቀቁለት እርስዎ መሆንዎን ነግሮኛል። በጣም ነው የሚያመሰግንዎት።»
ጎበዝ ነው አልኳት። የማቆሚያውን ደረሰኝ አስፈርሜ ወጣሁ።
ሱቅ ገብቼ መሀረቡን ፈታሁ። ስባሪው ብርሃን ላይ ወይን ጠጅ ያብለጨልጫል። የአባባ ሌንስ እንዲህ ያለ ቀለም የሚሰጥ ቅብ የለውም። ይህን አውቀዋለሁ... ሻጋታ በልቶት እኔው የጣልኩት ሌንስ ነው። ከገዛ ቆሻሻዬ ለቅሞ፣ ሰባብሮ፣ ቋጥሮ አመጣልኝ።
ዕቃ ሳላይ የተቀበልኩት በዚያ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከእሱ።

ታኅሣሥ 9
ሄድኩበት። መሀረቡን ቶርኖው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። ማሽኑን አጠፋ።
«መቼ ፈታሽው?»
«ትናንት።»
ከመሳቢያ አንድ ካሜራ አወጣ፤ ለራሱ ከሠራው ቱቦ ላይ ሌንሱን ፈትቶ ሰጠኝ። እላዩ ላይ አቧራ የለም፤ በደንብ ይዞታል። ይህ ደግሞ ለምን አናደደኝ?
«'ቶርኖ ቤት አሠርቼ ነው' አልሻት፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ። ስሜ አፍሽ ላይ ከበደሽ?»
እውነት ነው፣ አልጠራሁትም። ያኔ ልብም አላልኩትም።
«ብትጠይቀኝ ግማሽ በግማሽ እንሠራው ነበር።»
«ነጋዴ ነሽ፣ አለቃ። ታደርጊው ነበር?»
አደርገው ነበር? እስካሁን እያሰብኩ ነው።
«እሺ፣ እንባውስ?» አልኩት።
የሱቄን ቁልፍ ከቁልፎቹ መሃል ፈልቅቆ ሰጠኝ። ማሽኑን መልሶ ሲያስነሳ ሰማሁ።

ታኅሣሥ 21
ባለሙያዋ ቀሪውን ሥራ ሰጠችኝ። ሌንሱ እኔ ዘንድ መሆኑን ብቻ ነገርኳት፣ ሌላ አልተነፈስኩም። ቀለበቶቹን የሠራው ማን እንደሆነ ግን ሳትጠይቀኝ ነገርኳት። ሙሉ ስሙን። ሱቁ ይተርፋል።

ጥር 2
እህቴ መጣች። መነጽሯ ተሰብሮ ነው፣ እንዳስጠግንላት። በሻርፕ ጠቅልላዋለች። ከእጇ ተቀብዬ እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈታሁት። ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላልኳትም።
«ምነው አንቺ ልጅ፣ ላጭበረብርሽ መስሎሽ ነው?» ብላ ሳቀች።
ስባሪውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ እያገላበጥኩ ነበር። ምን እያደረግኩ እንደሆነ የታወቀኝ ሳቋን ስታቆም ነው።